ሰዓት ሠሪው ያስተካከለው ኮምፒውተር

መምህር ዓለምነው ያስጠሩኝ ማክሰኞ ጧት ነበር። የእናቴ ግቢና የእሳቸው ግቢ በአንድ አጥር ስለሚዋሰኑ ጥሪው በስልክ አልመጣም። ባለቤታቸው እትየ ፈንታነሽ ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ «ፋሲካ! ያ ማሽን ታሟል፤ ነይና እይው!» አሉ።

ማሽኑን የተከልኩላቸው እኔ ነኝ። ኤስቶኒያ፣ ታሊን ከተማ ተምሬ ደብረ ታቦር በተመለስኩ ሰሞን፣ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ስንቀዋለል፣ ልጃቸው ትቶት የሄደ አሮጌ ኮምፒውተር አገኘሁና ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩበት። በላዩ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ድምፅ ጨመርኩ። መምህር ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው፣ ጡረታ በወጡ ማግሥት ዓይናቸው ጠፋ። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ቃሉን እንደ ሽንብራ እየቆረጠመ ነው የሚያወጣው። እሳቸው ግን ወደዱት። ለምን እንደወደዱት የሚናገሩትም ሚስታቸው ባሉበት ነው።

«ፈንታነሽ ስታነብልኝ ክፉ ክፉውን ትዘላለች» ይላሉ። «ጋዜጣ ሲመጣላት ገብሱ ደህና ነው፣ ዝናቡ ደህና ነው፣ አለቀ። አገሩ ሁሉ ሰላም!»

«ታዲያስ? ክፉ ሰምተው እንቅልፍ ሲያጡ ቁጭ ብዬ የማድረው እኔ ነኝ» ይላሉ እትየ ፈንታነሽ። ባላቸውን እስካሁን አንቱ ነው የሚሉት።

ያን ጧት መምህር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ኢሜይል አይመጣልኝም» አሉ። «ከመስቀል ወዲህ አንድም የለ። ደረጄ ታሞ ሳለ ዘነበች ሳትጽፍልኝ አትቀርም።»

ደረጄ ጅማ የሚኖር ታናሽ ወንድማቸው ነው። ዘነበች ልጁ ናት። መምህር በስልክ አያምኑም፤ በስልክ ሁሉም ሰው «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚል። ዘነበችን ግን ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳታስቀር እንድትጽፍላቸው አስምለዋታል። ጽሑፉን ማሽኑ ያነብላቸዋል፤ ማሽኑ ደግሞ አይዘልም።

ስክሪኑ ላይ የተጣለውን ጥልፍ ጨርቅ አንስቼ አየሁ። ጥግ ላይ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል፤ ሰዓቱም ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ኢሜይሉን ስከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል መልስ ሰጠኝ። ፕሮግራሙ አርጅቷል አልኩ በልቤ። ነገር እንቢ ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ማደስ ነው፤ ታሊን የለመድኩት ይህንን ነው። እዚያ በየቀኑ የማይታደስ ነገር የለም፤ ሰውም ጭምር።

«አፕዴት ነው የሚያስፈልገው» አልኳቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም የሚመጣው በጥቅል በጥቅል መሆኑን ነገርኳቸው። ጥቅሎቹ ሁሉ የተከማቹበት እንደ ጎተራ ያለ ቦታ ከሩቅ አገር አለ፤ ኮምፒውተሩ በኢንተርኔት ወደዚያ ይልክና ምን አዲስ እንደገባ ጠይቆ ያመጣል።

«ድምፁም የሚመጣ ከዚያ ነው?»

«አዎ። እንዲያውም የተሻለ ድምፅ ወጥቷል ይላሉ። አሮጌውን አንሥቼ አዲሱን አመጣልዎታለሁ።»

«አሮጌው ምን አደረገሽ?» አሉ፤ ግን አልከለከሉኝም።

አሮጌውን አነሣሁት። የድሮ ጥቅሎች የተቀመጡበትንም ማኅደር ቦታ ይይዛል ብዬ ጠረግሁት። ከዚያ አዲሱን ጠየቅሁ። ጎተራው በአንዲት የእንግሊዝኛ መስመር መለሰልኝ፤ አልተሳካም። ደገምኩት፤ አልተሳካም። ኔቱን ጠረጠርኩ። ኔት በኛ ከተማ እንደ ጥቅምት ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይደንቃል፣ ሲቀር አይደንቅም። በስልኬ ዳታ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ማታ ላይ መምህር ድምፅ የሌለው ማሽን ፊት ተቀምጠው፣ ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳርፈው ነበር።

«ነገ ይመጣል» አልኳቸው።

ረቡዕ የድምፁን ጥቅል በስልኬ አውርጄ በፍላሽ አመጣሁት። ማሽኑ፣ ይህ ከመግባቱ በፊት ሌላ ጥቅል ያስፈልገዋል አለኝ። እሱንም አመጣሁ። እሱ ደግሞ ሌላ ጠራ። ሠርግ እንደመጥራት ነው፤ አንዱን የጠራ ሰው አጎቱን ካልጠራ ይቀየማል፣ አጎትየውም አማቹን ጥሎ አይመጣም። ስክሪኑን በዘመድ ብዛት ሞላሁት እንጂ ድምፁ አልገባም።

ያን ቀን ኮምፒውተሩ ዝም ስላለ እትየ ፈንታነሽ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። ለወትሮው ሲዘልሉ መምህር «ቆይ፣ እሱ ገጽ የታለ?» ብለው ይይዟቸዋል። ያን ዕለት አልያዟቸውም። የእትየ ፈንታነሽም ድምፅ እንደሌላው ጊዜ አልነበረም፤ ጉንፋን ነው አሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስወጣ እስከ በር ተከተሉኝ።

«ድምፁ መጣ?»

«አልመጣም እትየ። ነገ ግን አላጣውም።»

«ነገም አይምጣ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤቱ ዘወር ብለው አዩ።

«ደረጄ ዐርፏል» አሉ። «ማክሰኞ። ትናንት እዚያው ጅማ ቀበሩት። ዘነበች ለእኔ ደወለች።»

የከፈትኩትን በር መልሼ ዘጋሁት።

«መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ነው። የእብናት ዘመዶቻችን እስኪደርሱ ነው የምንጠብቀው። ዘነበች ደግሞ እስከ ሰኞ ድረስ ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ አለችኝ። መድከሙን፣ ምግብ መተዉን፣ መተንፈስ እንዳቃተው፣ ሁሉንም። ያንን ያ እንጨት ድምፅ ሊነግራቸው ነው? ብቻቸውን ቁጭ ባሉበት? የሚይዛቸው ሰው ሳይኖር?»

ታሊን ሳለሁ የአባቴን ሞት የሰማሁት ትራም ውስጥ፣ በስልክ ነበር። የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ወረድኩ። የት እንደወረድኩ እስካሁን አላውቅም። በዚያ ሰዓት በአጠገቤ ያለፈ ሰው ሁሉ እየቸኮለ ነበር። መርዶ ማለት ኋላ ቀር ነገር ነው፣ ሰው የራሱን እውነት በራሱ ጊዜ የማወቅ መብት አለው ብዬ ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁንም ስህተት ነው አልልም። እዚያ በር ላይ ግን አንድም ክርክር አልመጣልኝም።

«እሺ እትየ» አልኩ።

ዓርብ የሄድኩት ለማስመሰል ነው። ማሽኑን እየነካካሁ ቅዳሜን ልጠብቅ። እትየ ፈንታነሽ ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ነበር። መምህር ብቻቸውን ነበሩ፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው በር አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «ዛሬ እስቲ እኔ ልመርምረው። ጠይቂውና የሚልሽን ንገሪኝ።»

ጠየቅሁት። ያው መልስ መጣ።

«አልተሳካም ነው የሚለው።»

«እሱ ፈንታነሽኛ ነው። ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ዜሮ ነበር የምሰጥሽ። ሳትዘይ አንብቢው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በአማርኛ እየመለስኩ፣ «የጎተራው መዝገብ ገና አልጸናም። የሚጸናው ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ ምናምን ቀን በኋላ ነው» አልኩ።

የመምህር ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እያካፈሉ ነበር።

«ሰባት ዓመት ከስምንት ወር» አሉ።

«እ?»

«ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ ይጸናል ነው የሚል። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ ወይስ አንቺ ትነግሪኛለሽ?»

እጄ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። አራት ሰዓት ይላል። ሰዓቱን ስጫነው ዓመቱ ወጣ፤ የኛው ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት። ለማሽኑ ዛሬ ከፈረንጅ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ቀን ነው፤ ከጎተራው የሚመጣው ሁሉ ገና ካልተወለደ ዘመን የተላከ ነው፤ እንዴት ብሎ ይመነው? ኢሜይሉም የቀረው በዚሁ ነው። አራት ቀን ሙሉ ያንን ሰዓት እያየሁት ነበር። ታሊን ብሆን ኖሮ ከጧቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት የሚል ኮምፒውተር ወዲያው ያስደነግጠኝ ነበር። እዚህ ግን ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት አለኝ፤ ምን ብዬ ልጠርጥረው?

«ሰዓቱን የነካ ሰው አለ?» አልኩ።

መምህር ግንባራቸውን መቱ። «ዑመርን ጥሪልኝ።»

ጋሽ ዑመር ገበያው ዳር ሰዓት ይጠግናሉ፤ ዘንድሮ ዘንድሮ ስልክም ይነካሉ። ከመምህር ጋር ከልጅነት ጀምሮ ሲሰዳደቡ የኖሩ ናቸው። የመጡት ወዲያው ነው፤ ማጉያ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደተሰቀለ።

«ኮምፒውተሬን ምን አደረግኸው?» አሉ መምህር።

«አስተካከልኩት ነዋ! ሰዓቱ ተሳስቷል ብለህ ራስህ አይደለህ የጠራኸኝ? በሦስት ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት እያለ ያነብልሃል። ሳየው ስድስት ሰዓት ስቷል፣ ሰባት ዓመትም ቀድሟል። ወላሂ፣ ሰዓት ስሠራ ስኖር እንዲህ ያበደ ሰዓት አላየሁም።»

«ጋሽ ዑመር፣ በራሱ አልተመለሰብዎትም?» አልኩ።

«ሦስት ጊዜ አስተካክዬው ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። ኋላ በራሱ ያስተካክል የሚል ነገር አገኘሁና አጠፋሁት። ሰዓት በራሱ ከተስተካከለ እኔ ምን ልብላ?»

«አንተ የገበያ ኮርኳሪ! ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ጎትተኸኝ ኢሜይል ካጣሁ ወር አለፈኝ! ሰዓት ከመሥራት በሬ ብታርድ ይሻልህ ነበር!»

ጋሽ ዑመር አፋቸውን ከፈቱ። የሚመልሱት እንደነበራቸው ያስታውቃል። ከዚያ ዘጉት።

«እውነትህን ነው» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ጎንበስ ብለው የመምህርን ትከሻ ስመው ወጡ።

ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መለስኩት። ጎተራው ወዲያው ተከፈተ፤ ጥቅሉ በየተራ መውረድ ጀመረ። ይህን ማድረግ አልነበረብኝም። ላቆመው ግን እጄ አልታዘዘኝም፤ ሲሠራ ማየት ደስ አለኝ። መምህርም የማሽኑ ንፋስ ማውጫ ሲያጉረመርም ሰምተው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«አሁን ድምፁ ሲመጣ ስንት ሰዓት ነው ይለኛል?»

«አሁን አምስት ሰዓት ነው። እሱ ዐሥራ አንድ ይላል።»

«እንግዲያማ ዑመር ልክ ነበር።»

ማሽን ሁለት ሰዓት እንዳለው ነገርኳቸው። ውስጡ የሚይዘው አለ፤ እሱ ከዓለም ሁሉ ጋር አንድ ነው፣ ጎተራውም የሚያየው እሱን ነው። የሚያሳየውና የሚያነበው ግን፣ የት አገር ነው ያለኸው ብለን በነገርነው መጠን ነው። «ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀር አገር ላይ ነህ ብንለው ኖሮ፣ ውስጡን ሳንነካ በኛ አቆጣጠር ያነብ ነበር።»

የመምህር ፊት በራ። ሰሌዳ ፊት የቆሙ መሰሉ።

«አንድ ሰዓት ዐሥራ አምስት ዲግሪ ነው። ስድስቱ ዘጠና። የኛ ሰዓት የሚለካ በአርባ አምስት ምሥራቅ ላይ ነው፤ ስለዚህ አርባ አምስት ምዕራብ እንወርዳለን። አትላንቲክን ተሻገርን። የብራዚል ጠረፍ ነው፤ ከታቹ አርጀንቲና።»

«ቦነስ አይረስ አለ።»

«እንደዚያ እንደ ተማርሽበት አገር ሰዓታቸውን በበጋና በክረምት የሚያምሱ እንዳይሆኑ።»

አየሁ። «አያምሱም።»

«እንግዲያው አርጀንቲና ውሰጂኝ።»

«ቀኑና ዓመቱ ግን የፈረንጅ ይሆናል።»

«ቀኑን ተይው፤ ፈንታነሽ አለች። ዛሬ ማርያም ናት፣ ሃያ አንድ። ነገ ዑራኤል። እሷ ታቦት አትስትም።»

ሁሉም ወርዶ አለቀ። የድምፁ ጥቅል ይጫን ወይ ብሎ ስክሪኑ ጠየቀኝ። አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት የቀረችው። ጣቴን አንሥቼ ቆምኩ።

«ለምን ቆምሽ?»

«እየጠበቅሁት ነው።»

«እሱ ነው እንጂ አንቺን የሚጠብቅ። ጣትሽ ከቆመ ቆየ።» ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ መለሱ። «ፈንታነሽ አታምጪው አለችሽ?»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አወረድኩ።

«ከረቡዕ ጀምሮ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ትናንት ከናንተ ግቢ የእድር አግዳሚ ሲወርድ ሰማሁ፤ ብጠይቃት እንጨት ነው አለችኝ። አግዳሚ ሲወርድ የማላውቅ መሰላት? ዛሬ ደግሞ ዑመር ጥፋቱ የእኔ ነው አለኝ።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ዑመር ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አያውቅም፣ ልጄ። አባቱን ስሰድብበት እንኳ መልስ አጥቶ አያውቅም።»

«ጋሼ...»

እጃቸውን አነሡ። «አትንገሪኝ። መቼ እንደሚመጡ ብቻ ንገሪኝ፤ ለባብሼ እንድቆያቸው።»

«ነገ ማለዳ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድምፁን ጫኚው» አሉ በመጨረሻ። «ኢሜይሉን ግን አትክፈችው።»

«ማወቅ አይፈልጉም?»

«እፈልጋለሁ እንጂ። ግን እስቲ አስቢው። ከእብናት ሰው ይመጣል። ጎረቤት አግዳሚ ተሸክሟል። እሷ እንባዋን ውጣ ጋዜጣ ስታነብልኝ ከረመች። ይኸን ሁሉ የደከሙት ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው ነው። እኔ ቀድሜ ብቻዬን ሰምቼ ብጠብቃቸው ምን ይባላል?»

ቁልፏን ተጫንኩ። አዲሱ ድምፅ ገባ፤ ከአሮጌው ብዙም አይሻልም። የመጀመሪያ ቃሉ «አምስት ሰዓት ተኩል» ነበር። መምህር «ልክ ነው» አሉና ስክሪኑን በጨርቁ እንድሸፍነው ጠየቁኝ።

እትየ ፈንታነሽ ከማርያም ሲመለሱ በዓይናቸው ጠየቁኝ። መምህር ቀደሙኝ፤ «ዛሬም ዝም ብሏል» አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ማሽኑ ዝም ብሎ ነበር።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ጋር ወጣን። ብርዱ የጥቅምት ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ሰዎቹ በራችን ላይ ተሰብስበዋል፤ የእብናት ዘመዶች፣ የእድሩ ዳኛ፣ ጎረቤት፣ ጋሽ ዑመር ጥቁር ኮት ለብሰው። አግዳሚዎቹን እንዳይንኳኩ ለሁለት ለሁለት ተሸክመን ገባን።

መምህር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። እትየ ፈንታነሽ እንደዚያ ሆነው ሲያገኟቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

የእድሩ ዳኛ ቀረቡ። «መምህር፣ ሰው እንግዳ ነው። ደረጄ ዐርፏል። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

የሚያስመስሉ መስሎኝ ነበር። ሊያስመስሉ ተዘጋጅተው እንደተቀመጡ ነበር የማውቀው። «ወንድሜ!» ብለው ሲነሡ ከዘራው ከእጃቸው ወደቀ። ጋሽ ዑመር በአንድ ጎን፣ የእብናት ዘመዳቸው በሌላው ጎን ያዟቸው። ማወቅና መስማት አንድ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ አየሁ። ቤቱ ሙሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አልጠይቅም።

በሰልስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል፣ መምህር ጠሩኝ።

«አሁን ኢሜይሉን ክፈችልኝ። ከዚያ ሁላችሁም ውጡ።»

ከፈትኩላቸው። የዘነበች ደብዳቤዎች ተደርድረው ወረዱ። የትኛው ቁልፍ ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሚወስድ ያውቁታል። ወጣሁና በሩን ገርበብ አደረግሁት።

እትየ ፈንታነሽ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሥራ ፍለጋ ሰኞ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ ሰኞ ዛሬ ነው፤ ምንም አላሰናዳሁም። ከውስጥ ደረቁ ድምፅ ጀመረ፤ አንድም ሳይዘል። «ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። አባባ ዛሬ ትንሽ ተሽሎታል። ጧት ሾርባ ጠጣ።»

እትየ ፈንታነሽ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ከየትኛው ነው የጀመሩት?»

«ከመጀመሪያው ነው። ከመስቀል ማግሥት ከተጻፈው።»

«ከዚያ ጀምረው እስከ መጨረሻው ሊሰሙ?»

«ይመስለኛል።»

ሰፌዱን ጎናቸው አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ዞረው ተቀመጡ። ውስጥ ደረጄ ሾርባ ጠጥቶ ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ፤ ስለ ወንድሙ ጠየቀ።